የካድሬው ልጅ የመረጠችው

አቶ ገብረአምላክ ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ስለፈጁ፣ በእግዚአብሔር ስም ምሎ ሲዋሽ ያዩት ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው። ምስክር እጁን አንስቶ «እውነቱን እናገራለሁ» ሲል፣ እሳቸው በልባቸው «አሁን ሊጀምር ነው» ይላሉ። ይህች ልማድ ቀስ በቀስ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ወጥታ አብራቸው ቤት ገባች። ሬዲዮው «የስኳር እጥረት የለም» ያለ እንደሆነ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይቱን በማግስቱ ማለዳ የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ያሰልፏቸዋል። «የዘንድሮው አዝመራ አስደሳች ነው» ከተባለ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤፍ ያስገዛሉ። የሚያናድደው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆነው መገኘታቸው ነው።

ጥርጣሬያቸው ግን ከፍርድ ቤት ብቻ የመጣ አልነበረም። አንድ ጊዜ አምነዋል። የበኩር ልጃቸው መረሳ ለዘመቻ ሲጠራ «ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጠላትን ደምስሶ ይመለሳል» ተባሉ፤ አመኑ፤ ስንቅ አስቋጥረው፣ መርቀው ሸኙት። አጭሩ ጊዜ እስካሁን አላለቀም። ሞቷል ያላቸው የለም፣ አለ ያላቸውም የለም። ሰው «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ሲል ይሰማሉ፤ እሳቸው የሚቀብሩትም አላገኙ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ከሚናገረው ሁሉ የሚያምኑት ሰዓቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ከልደታ ማርያም ደወል ጋር እያስተያዩ።

እንግዲህ የቀረቻቸው አክበረት ነበረች። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ባከበረበት ሰሞን፣ ከተማው ሁሉ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ የደሃው ጎጆ እንዳይታይ በቆርቆሮ አጥር ተጋርዶ ሳለ፣ አክበረት የማትሪክ ውጤቷን ተቀበለች። ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ፣ አስለቅሶም ቤት የማያስቀምጥ መካከለኛ ነጥብ ነበር። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተቀበላት። ከቤታቸው በእግር የሚደረስ ስለሆነ አቶ ገብረአምላክ በደስታ ለሰፈሩ ጠላ አስቀዱ። የደስታው ዕድሜ ግን እስከሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ልጅቱ የምትማረውን ዘርፍ ትምረጥ ተባለ።

ዘርፉ ሦስት ነው። አንደኛው ሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ ሁለተኛው ጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ነው፤ ሦስተኛው ትንሽ ቆየት ብሎ የተከፈተው «የኅብረት ሥራ ማኅበራት አደረጃጀት» የሚባል ነገር ነው። ተመርቆ የወጣ ሁሉ መንግሥት መድቦ በላከው ቦታ ይሠራል፤ «አይመቸኝም» ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ለአቶ ገብረአምላክ የትምህርቱ ጣዕም ጉዳያቸውም አልነበረ። ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሦስቱ አክበረትን አዲስ አበባ የሚያስቀርላቸው የትኛው ነው? አንድ ልጅ ሸኝተዋል። ሁለተኛ መሸኘት አይችሉም።

«ሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው የምፈልገው» አለች አክበረት፣ እራት ላይ።

«ለምን?» አሉ አቶ ገብረአምላክ።

«ስለምወደው።»

ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። ሌባ «ስለቸገረኝ» ይላል፤ ተደባዳቢ «ስለሰደበኝ» ይላል፤ ሚስቱን የሚፈታ «ስላቃጠለችኝ» ይላል። «ስለምወደው» የሚል ምክንያት ግን በዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ አንድም ቀን አላጋጠማቸውም። እንዲህ ያለ ባዶ ምክንያት ከጀርባው አንድ ነገር ሳይኖረው አይቀርም፤ ምናልባትም ጢም ማብቀል የጀመረ ነገር።

«ማን አለ እዚያ?»

«የት?»

«ሒሳብ ክፍል።»

«ገና ሳልገባ ማንን አውቃለሁ፣ አባባ?»

«እኮ! ካላወቅሽ ምን ያጣድፍሻል?»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ወጥ እየጨመሩ «ልጅቱ ወደድኩት አለች፤ ምን ሌላ ነገር አለው?» አሉ።

«አንቺ ደግሞ! ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የት የማይፈለግ ይመስልሻል? የጦሩን ደመወዝ ማን ነው የሚከፍለው? አስመራ ማን ነው የሚቆጥረው? ኦጋዴን ማን ነው የሚቆጥረው? ሒሳብ ማለት እኮ በእርሳስ መዝመት ነው!»

በዚህ ላይ የሚመልስ አልተገኘም፤ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ወጡ እየቀዘቀዘ ስለሆነ ነው።

በማግስቱ አቶ ገብረአምላክ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ጌጃ ሰፈር ወደሚሰፋው ወዳጃቸው ወደ አቶ ወልደገብርኤል ሱቅ ሄዱ። ወልደገብርኤል ልብስ ሰፊ ነው። የቀበሌውን ሹማምንት ካኪ የሚሰፋው እሱ ስለሆነ፣ የማን ወገብ እንደሰፋና የማን እንደጠበበ እያየ የመንግሥትን ሁኔታ ይተነትናል። ወንድ ልጁ እዚያው ኮሌጅ ገብቶ እንደ አክበረት ዘርፍ የሚመርጥበት ቀን ደርሶበታል።

«ገብሬ ሙት፣ ይኼ ነገር ራስ የሚያስይዝ አይደለም» አለ ወልደገብርኤል፣ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ። «የካድሬያችን የጓድ ፍሰሐ ልጅ ኮከቤም አብራቸው ገብታለች አይደል? ፍሰሐ የላይኞቹን ምስጢር ያውቃል። ልጁን ገደል አይከታትም። እሷ የገባችበት ገብተን አርፈን መቀመጥ ነው።»

አቶ ገብረአምላክ ጥበቡን አደነቁ። ሐሳቡ ለካ በወልደገብርኤል ብቻ አልተጠነሰሰም። ሰንብቶ እንደታወቀው፣ በዚያ ሳምንት በቦኖው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ልጁን ኮሌጅ ያስገባ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር፦ የካድሬው ልጅ ምን መረጠች?

ጓድ ፍሰሐ የቀበሌው የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ቀድሞ አስተማሪ ነበር፤ አሁንም ሲናገር ጣቱ ጠመኔ የያዘ ይመስላል። ሰፈሩ ስለ እሱ የማያወራው ነገር የለም። ሚስቱ ለስኳር ከሰው ጋር እኩል ትሰለፋለች፤ «ለማስመሰል ነው» ይባላል። ጫማው ተረከዙ አልቋል፤ «አዲሱን ሣጥን ውስጥ ደብቆ ነው» ይባላል። ለቤቱ ጥገና የተሰጠውን ቆርቆሮ ጣሪያው ለሚያፈስባት መበለት ሰጠ፤ ይኼን ጊዜ ሰፈሩ በጣም ደነገጠ፣ «ይኼ ሰውዬ ምን ያህል ቢሰበስብ ነው?» ተባለ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ «ታዲያ ለምን ሄደህ አትጠይቀውም?» አሉ።

«ካድሬን? ምን መረጥህ ብዬ?»

«አዎ።»

አቶ ገብረአምላክ ሳቁ። ቢሆንም ከቀበሌው ውይይት ክበብ በኋላ፣ ስለ ኅብረተሰብ ዕድገት ሕግ ሲወራ ሲያንቀላፉ አምሽተው፣ ጓድ ፍሰሐን በር ላይ ጠበቁት። በቀጥታ አልጠየቁም፤ ያን ያህል የዋህ አይደሉም። ስለ ዝናቡ አነሱ፣ ስለ በዓሉ ድምቀት አመሰገኑ፣ ስለ ባለቤቱ ጤና ጠየቁ፤ በመጨረሻም እንደ ዘበት «ኮከቤስ? ኮሌጅ ገባች አሉ» አሉ።

«ገባች!» አለ ጓድ ፍሰሐ ፊቱ በርቶ። «የኅብረት ሥራ ማኅበራት አደረጃጀት ነው የምትማረው። ከድርቁ ተርፎ የሰፈረው ወገናችን ማኅበር የሚያደራጅለት፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ምሩቃኑ በቀጥታ ሰፈራ ጣቢያ ነው የሚሄዱት። ሀገር አሁን የምትፈልገው ይኼን ነው፣ ጓድ ገብረአምላክ። የእርስዎም ልጅ ብትገባበት ደስ ይለኛል።»

አቶ ገብረአምላክ አመስግነው ወጡ። መንገዱን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር የሄዱት። ቢዋሽ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ያለውን ገልብጠው ይዘው ይገቡ ነበር። ግን እንዲህ በግልጽ፣ ያውም ፊቱ እየበራ፣ «ልጄን ሰፈራ ጣቢያ ልልካት ነው» የሚል አባት ምን ይባላል? ወይ አብዷል፣ ወይ ተንኮሉ ከእሳቸው በላይ ነው። ካድሬ ሲያብድ ደግሞ ሰምተው አያውቁም።

ለማረጋገጥ አክበረትን ወደ ኮከቤ ላኳት። ልጆቹ አብሮ አደግ ስለሆኑ ነገሩን ለማወቅ ከአንድ ሻይ በላይ አልፈጀም።

«እውነቱን ነው፣ እሱን ነው የመረጠችው» አለች አክበረት ተመልሳ። «አባቷ ነው ያስመረጣት። ስታለቅስ ነው የሰነበተችው፤ ዐይኗ እንዲህ አብጧል።»

«ለምን ታለቅሳለች?»

«ክፍለ ሀገር መሄድ ስለማትፈልግ ነዋ።»

አቶ ገብረአምላክ ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱ። «ገባኝ!»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«ሰውዬው እንደማላምነው ያውቃል። ስለዚህ እውነቱን ነገረኝ! ሰፈራ ጣቢያ የምትለዋ እኛን ማስፈራሪያ ናት። እኛ ፈርተን ስንሸሽ፣ ዘርፉ ለእነሱ ልጆች ብቻ ይቀራል። ሲመረቁ ሰፈራ ጣቢያን የሚያዩት በካርታ ላይ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጠው፣ ሻይ እየጠጡ። ልጅቱንም አልቅሺ ብለው አስለቅሰዋታል። ብልጥ ለብልጥ፣ ዐይን ብልጥጥ!»

«እና ሰውዬው እውነቱን ተናግሮ ቢሆንስ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! እውነቱን ነው የተናገረው!»

«አይ፣ እውነት እውነቱን።»

አቶ ገብረአምላክ ሚስታቸውን በርኅራኄ አዩአቸው። ደግ ሴት ናት፤ ፍርድ ቤት ግን ሠርታ አታውቅም።

የምዝገባው ዕለት ከልደታ ወደ ሜክሲኮ የወጣው ወላጅ የንግሥ በዓል የሚሄድ ይመስል ነበር። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሦስት መስኮቶች ተከፍተዋል። ሒሳብ በሚለው መስኮት ፊት ከክፍለ ሀገር የመጡ ጥቂት ልጆች፣ የሚያማክራቸው ዘመድ አጥተው፣ አንድ ሁለት ሆነው ቆመዋል። የልደታና የጌጃ ሰፈር ሰው ግን ወደ ሦስተኛው መስኮት እያየ፣ ማንም ማንንም ሳያምን ይጠባበቃል። ልክ ጓድ ፍሰሐ ባለቀው ጫማው እየተራመደ፣ ዐይኗ ያበጠውን ኮከቤን ክንዷን ይዞ ሦስተኛው መስኮት ሲደርስ፣ ሲጠባበቅ የነበረው ሰው ከጥቂቶች በቀር ከኋላው ተሰለፈ።

ሰልፉ እስከ ግቢው በር ሲደርስ አንድ ቀጭን ሰው ከቢሮ ወጣ። መምህር ሚደቅሳ ይባላል፤ ያንኑ ዘርፍ የሚያስተምረው እሱ ነው። ግራ ቀኙን አየ፤ ጓድ ፍሰሐ ልጁን አስመዝግቦ ከግቢው እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሰልፈኛው ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወላጆች፣ እባካችሁ» አለ። «እኔ ይኼን ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ካለፉት ምሩቃኖቼ አዲስ አበባ የቀረ አንድም የለም። ሁሉም መተከል፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ ናቸው። ወባ ያሠቃያቸዋል። የሞተብኝም ልጅ አለ። እዚያኛው መስኮት ሰፊ ቦታ አለ፤ ሒሳብ የተማሩት እዚሁ መሥሪያ ቤት ነው የሚመደቡት። ልጆቻችሁን ውሰዱ።»

ይህን ሲል ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ለአድኃሪነት ማስረጃ ከመሆን አልፎ በሌሊት ከቤት ለመወሰድ ይበቃል። ሰልፈኛው ግን መንቀጥቀጡን ሌላ ትርጉም ሰጠው።

«ስንት ቢበላ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?» አለ ወልደገብርኤል በሹክሹክታ።

«ቦታው ሊሞላባቸው ነው፤ ጨንቋቸዋል» አሉ ከፊት የቆሙ ሴትዮ።

አቶ ገብረአምላክ አክበረትን ይዘው አንድ እርምጃ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። የመጨረሻዋ ጥርጣሬ ከልባቸው የወጣችው ያን ጊዜ ነበር። ከሁለተኛው መስኮት ቆመው የሚያመነቱም ይህን ሰምተው እየሮጡ መጡ። መምህር ሚደቅሳ እጁን ጥሎ፣ ሰልፉን ለአፍታ አይቶ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ምክር ሰጥቶ አያውቅም ይባላል።

ተራቸው ደረሰ። አክበረት ብዕሩን ይዛ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ እኔ ሒሳብ ነበር የምፈልገው።»

«ሰማሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ እዚሁ እንድትቀሪልኝ ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ሰበር አለ። አክበረትም መረሳን እንዳሰቡ አወቀች። ስለ መረሳ ከሆነ ክርክር የለም። ጻፈች።

ሁለቱ ዓመታት ሳይታወቁ አለፉ። አክበረት የገበሬ ማኅበር ስብሰባ እንዴት እንደሚጠራ፣ ማረሻ ለአባላት በምን ተራ እንደሚታደል፣ የጋራ ጎተራ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንደሚቀመጥ ተማረች። ገበሬ አይታ የምታውቀው መርካቶ በግ ሲሸጥ ነው። አቶ ገብረአምላክ ጠዋት ጠዋት ጥራዟን ይዛ ወደ ሜክሲኮ ስትወርድ በመስኮት እያዩ ልባቸው ይሞላ ነበር። ማታ የውጭ ሬዲዮ ድምፁን ቀንሰው እያዳመጡ፣ «ሰፈራ ጣቢያዎቹ ችግር ላይ ናቸው» ሲባል ሚስታቸውን በዐይናቸው ይጠቅሷቸዋል። የሌላ ሰው ልጅ እየሄደ፣ የእሳቸው በብልጠት እዚህ ነች።

ምደባው የወጣ ቀን የኮሌጁ ሰሌዳ ፊት ሰው እንደ ንብ ሰፈረ። የሒሳብ ልጆች እልል ብለው ሄዱ። የኅብረት ሥራ ልጆች ግን ድምፅ አልነበራቸውም። አክበረት ገብረአምላክ፦ መተከል። የወልደገብርኤል ልጅ፦ አሶሳ። ኮከቤ ፍሰሐ፦ ጋምቤላ። አዲስ አበባ የሚል ቃል በዚያ ወረቀት ላይ ከላይ እስከ ታች ቢፈለግ ከደብዳቤው ራስጌ በቀር አልተገኘም።

ይህን ያህል በዐይኑ አይቶ የሚያምን ሰው ያለ መስሎት የሚያነብ ካለ፣ ልደታን አያውቅም። ወላጆቹ ሳቅ ብለው ተያዩ። «ይኼ ለሕዝብ የተለጠፈው ነው» ተባለ። «ትክክለኛው ምደባ ነገ ተነገ ወዲያ በስልክ ነው የሚነገረው።» አቶ ገብረአምላክም ቤት ገብተው ለሚያለቅሱት ሚስታቸው ይህንኑ አስረዱ። ጠበቁ። የሚጠራ ስልክ አልነበረም፤ ለነገሩ በሰፈሩ ስልክ ያለው ቤትም አልነበረም።

ሲጠብቁ ሳለ አንድ ቀን መዝገብ ቤት በር ላይ አንዲት ወጣት ቆማ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ጠጅቱ እባላለሁ አለች፤ ከጅማ መጥታ የተማረች፣ ለፍርድ ቤቱ ሒሳብ ክፍል ከዚያው ኮሌጅ የተመደበች ነች። ቢሮዋ ከእሳቸው ቢሮ ጎን ነው። አቶ ገብረአምላክ የያዙትን መዝገብ ዘጉ።

«ሒሳብ ምረጪ ብሎ ማን መከረሽ?»

«ማንም። እዚህ ዘመድ የለኝም እኮ፣ አባቴ። የኮሌጁ ግድግዳ ላይ ‹የሒሳብ ምሩቃን አዲስ አበባ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ይመደባሉ› የሚል ተለጥፎ ነበር። እሱን አነበብኩና መረጥኩ።»

«አንብበሽ… አመንሽ?»

ልጅቱ ጥያቄው አልገባትም። ፈገግ ብላ ወደ ቢሮዋ ገባች።

የዚያን ዕለት አቶ ገብረአምላክ ሥራ ሳያልቅ ወጥተው በቀጥታ ጓድ ፍሰሐ ቤት ሄዱ። ካድሬን መፍራት እንዳለባቸው ያስታወሱት በሩን አንኳኩተው ከገቡ በኋላ ነው። ጓድ ፍሰሐ ብቻውን ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ የተደበቀ ስኳርም፣ የተደበቀ ጫማም አይታይም፤ የሚደበቅበትም ሣጥን የለም።

«ጓድ ፍሰሐ!» አሉ። «እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?»

«ምን አደረግሁ?»

«እርስዎን አምነን እኮ ነው ልጆቻችንን ያስገባነው!»

ጓድ ፍሰሐ ግራ ገባው። «ሰፈራ ጣቢያ ነው የሚሄዱት ብዬ ነግሬዎት የለም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

«እንዲህ ያለው ነገር እውነቱ ይነገራል?»

ከጓዳ ሴት ስታለቅስ ይሰማል። «ሚስቴ አታናግረኝም» አለ ጓድ ፍሰሐ። «አንድ ስልክ ብደውል ኮከቤን እዚሁ ያስቀሩልኝ ነበር። ጠይቀውኛልም። ግን ለሌላ ሰው ልጅ የሚበቃ ቦታ ለእኔ ልጅ እንዴት አይበቃም እላለሁ? በየስብሰባው ሂዱ፣ ሂዱ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያቸውና እንደ ልጅ ጠየቀ፤ «ጋምቤላ ወባ በጣም ይበዛል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

አቶ ገብረአምላክ ሊሰድቡት ነበር የመጡት። በዚያ ቀበሌ ውስጥ የሚናገረውን ከልቡ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ የተከተለውም እሱን ነው። ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይድን ነበር። ስድቡ አፋቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ክኒን አለ፤ አስቀድማ ከጀመረች ምንም አትሆንም» ብለው ወጡ። ሊጣሉ ሄደው አጽናንተው ተመለሱ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ድርቆሽና በሶ አዘጋጁ፤ የወባውንም ክኒን ከልብሷ መሐል ሸጎጡት። አውቶቡስ ተራ ማለዳ ነው የደረሱት። ሾፌሩ ሞተር እያሞቀ ነው፤ ከጣሪያው ላይ ዕቃ ይጫናል፤ ሰው ይገፋፋል። አክበረት እናቷን ስማ ከጨረሰች በኋላ አባቷ ፊት ቆመች። ለቅሶዋን ቤት ጨርሳ ነበር የመጣችው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ሒሳብ እወዳለሁ ስልዎት ሌላ ነገር ማለቴ አልነበረም። ሒሳብ ስለምወድ ነበር።»

ለአቶ ገብረአምላክ ካድሬው ነግሯቸዋል፣ መምህሩ ነግሯቸዋል፣ ግድግዳው ሳይቀር ነግሯቸዋል። ይህ ሁሉ ያልፋል፤ ዘመኑ ነው ይባላል። ልጃቸው ግን የነገረቻቸው በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ገበታቸው ላይ ነበር።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

«ይቅርስ ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ። ደህና ነኝ ካልኩ ደህና ነኝ ማለት ነው። ካመመኝም አመመኝ እላለሁ፤ አልደብቅም። ነገሬን እየገለበጡ እንዲጨነቁ አልፈልግም። እኔን እንኳ ይመኑኝ።»

«እሺ፣ አምንሻለሁ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር።

አውቶቡሱ ወጣ። ባልና ሚስት በእግራቸው ወደ ቤት ጀመሩ። ውይይት ታክሲዎች ሰው እየጠሩ ያልፏቸዋል፤ የመሳፈር ስሜት አልነበራቸውም። ወይዘሮ ፀሐይቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ፤ አቶ ገብረአምላክ አንገታቸውን ደፍተው ይከተሏቸዋል። ተክለ ሃይማኖት ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ፀሐይቱ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን?»

«ካመመኝ አመመኝ እላለሁ፣ አልደብቅም ያለችው… ከወዲሁ የደበቀችን ሕመም ኖሯት ይሆን?»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ዞረው አዩአቸው። አቶ ገብረአምላክም የገዛ ቃላቸውን ሰምተው አፈሩ፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ማመን ፈልገው ነበር፤ እንቢ አላቸው። እንደገና ወደ ልደታ መራመድ ጀመሩ።